ጥርሱን ያመመው አንበሳ መጨረሻ

ልጅ ሳለሁ እንደ ወረቀት የምፈራው ነገር አልነበረም። ከአሶሳ ወጣ ባለው የሰፈራ መንደራችን ጅቡንም እባቡንም ለምጃቸዋለሁ። ብራዘር ጳውሎስ ከነጭ ቀሚሳቸው ኪስ የሚያወጧት አራት ቦታ የታጠፈች ወረቀት ግን ከጓደኞቼ ጀርባ ታስደብቀኝ ነበር።

ብራዘር የካቶሊክ ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናቸው። እናቴ ነገራቸው ግራ ገብቷት፣ «ቄስ አይደሉ፣ ሚስት የላቸው፤ ታዲያ ምንድን ናቸው?» ትል ነበር። አንዴ ደፍራ የአክስቷን ልጅ ልድርልዎ ብትላቸው፣ «እትዬ ዘውዴ፣ ስልሳ ልጅ አለብኝ፤ የትኛዋ ሚስት ትችለኛለች?» አሏት። እናቴም «ኧረ እውነትም!» ብላ ተወችው።

ያኔ አመሻሽ ላይ በሚሲዮኑ ግቢ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ደረቅ ቀርከሃ አንድደው ተረት ያወሩልን ነበር። ቀርከሃው እሳት ውስጥ ጧ ብሎ ሲፈነዳ ትንንሾቹ ይጮሃሉ፣ ትንኙ ፋኖሱ ላይ ይርመሰመሳል፣ ጭሱ ዓይናችንን ያስለቅሰናል፤ ንቅንቅ የሚል ግን የለም። የብራዘር ክፋት ሌላ ነበር። ተረቱን ጭንቅ ቦታ ላይ ያደርሱትና ቀጥ! መጨረሻውን ወረቀት ላይ ጽፈው ለባለ ተራው ይሰጣሉ፤ ባለ ተራውም በማግስቱ ክፍል ውስጥ ቆሞ ያነባል።

እኔ ሦስተኛ ክፍል የደረስኩት ከሌሎቹ ጋር አፌን እያንቀሳቀስኩ ነው። አንዲት ቃል ማንበብ አልችልም። አባቴ ደግሞ «ዘንድሮ ካላነበብሽ ቤት ቁጭ ብለሽ ሕፃን ታዝያለሽ» ብሎኛል፤ አባቴ የዛተውን አይረሳም።

ተራዬ በአንበሳው ተረት ደረሰ። አንበሳ ጥርሱን ታመመና ፍየል ሐኪም ዘንድ ሄደ፤ ፍየሉ እየተንቀጠቀጠ «አፍህን ክፈት» አለው፤ ከዚያ ጭንቅላቱን እስከ አንገቱ አስገባ። ቀጥ! ወረቀቷ እጄ ላይ ወደቀች።

አጠገቤ የምትቀመጠው ሐዋ፣ አማርኛ ገና የምትለምድ የበርታ ብሔረሰብ ልጅ፣ ጭንቀቴን አይታ፣ «አንቺ ሦስት ማንጎ አምጣ፣ እኔ ያነባል፣ ወላሂ!» አለችኝ። ማንጎውን ከነልጣጩ ቆረጣጠመችና አነበበችልኝ። ፍየሉ ወደ አንበሳው ሆድ ውስጥ ጮኸ አለች፦ «እዚያ ያላችሁ የተበላችሁ ፍየሎች፣ በሩ ተከፍቷል፣ ውጡ!» አንበሳው ደንግጦ፣ አፉን እንደከፈተ፣ ኩርሙክን አልፎ ሱዳን እስኪገባ ሮጠ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም፤ ሌሊቱን ሙሉ ስሸመድደው አደርኩ።

በማግስቱ ቆሜ አነበብኩ። የፍየሎቹን ጩኸት ጨመርኩበት፣ የአንበሳውን ላብ ጨመርኩበት። ክፍሉ በሳቅ ሲያውካካ ብራዘር መጥተው ከኋላዬ አንገታቸውን አስግገው ወረቀቷን ተመለከቱ። ሦስት መስመር ናት።

«ይሄ ሁሉ እዚህ ላይ ነው ያለው?»

«አዎ ብራዘር።»

«ማን አነበበልሽ?»

ዓይኔ ሳላዝዘው ወደ ሐዋ ሄደ። ወረቀቷን ለእሷ ሰጧት። ሐዋ አገላበጠቻት፣ ወደ ብርሃን አዞረቻት፣ በመጨረሻ፣ «ወላሂ ብራዘር፣ ትናንት ነበረ፣ ዛሬ የለም!» አለች።

ለካ እሷም አታነብም! አለንጋ ስንጠብቅ ብራዘር መነጽራቸው እስኪወድቅ ሳቁ። የማንጎውን ውል ሳይቀር ነግሬያቸው፣ ለአባቴ ይናገሩብኛል ብዬ አለቀስኩ፤ አልተናገሩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሁለታችንን ከትምህርት በኋላ ማንጎው ሥር አስቀምጠው ከ«ሀ» አስጀመሩን። ከወራት በኋላ ያቺን ወረቀት ራሴ አነበብኳት። «ፍየሉ ጥርሱን ነቀለው። አንበሳው አመሰገነ። ወደ ቤቱ ሄደ።» በንዴት «ይሄ ብቻ?» አልኳቸው። «የሐዋ ይሻላል፤ ምን ላድርግ» አሉኝ። አባቴም በዓመቱ መጨረሻ ሳነብለት ሕፃኑን ከጀርባዬ አውርዶ ራሱ አቀፈው።

ዛሬ እኔ ባምባሲ አስተምራለሁ፤ ሐዋ ኩርሙክ ትነግዳለች፣ ደብዳቤዋን የሚጽፍላት ሰው አትፈልግም። ብራዘር አዲስ አበባ ሄደው እንዲያርፉ ስንቴ ቢነገራቸው «ያልጨረስኳቸው ልጆች አሉ» እያሉ እዚያው ቀሩ። ዓይናቸው ደክሟል። ባለፈው ክረምት መግቢያ ልጠይቃቸው ስሄድ አመሻሽ ነበር፤ ማንጎው ሥር ልጆች ከበዋቸው፣ ቀርከሃው ጧ እያለ ያንኑ የአንበሳ ተረት ያወራሉ፤ ፍየሉ ጭንቅላቱን አስገባ። ቀጥ! ከኪሳቸው ወረቀት አውጥተው፣ «ዛሬ እንግዳ ስላለችን እሷ ታንብብልን» አሉ።

ተቀበልኩ። መስመሮቹ እርስ በርስ ተደራርበዋል፤ አንዱ ፊደል በሌላው ላይ ወጥቷል፤ አንድም ቃል አይለይም። አገላበጥኳት፣ ወደ እሳቱ ብርሃን አዞርኳት፣ ያኔ እንደ ሐዋ። አይነበብም ብል ልጆቹ ይሰማሉ፤ እሳቸውም ይሰማሉ። «ፍየሉ ወደ አንበሳው ሆድ ውስጥ ጮኸ» ብዬ ጀመርኩ፤ አንበሳውን ሱዳን አስገብቼ ነው ያቆምኩት። ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

ብራዘር ወደ ድምፄ ዞሩ።

«ዛሬስ ሐዋ ስንት ማንጎ አስከፈለችሽ?» አሉኝ።

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡብኝ፤ ጭሱ ነው አልኩ። ወረቀቷን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኳት፣ እስካሁን አለች። ማንበብ ካስተማሩኝ ወዲህ ከእጃቸው ተቀብዬ ማንበብ ያቃተኝ ወረቀት እሷ ብቻ ናት።