በአማቴ ዚር ውስጥ የተተከለች ወፍጮ

ታላቋ ልጄ ጎንደር ተምራ ለክረምት ስትመለስ ትንሽ ማይክሮስኮፕ ይዛ መጣች። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ነኝ፤ ሆኖም ለማየት ዓይን ይበቃልና ከእሷ ይልቅ እኔ ተጣበቅሁበት። በአንዲት የኩሬ ውሃ ጠብታ ውስጥ የጫማ ሶል የምትመስል ነገር እየተገለባበጠች ስትዋኝ አየሁ። ከሁሉ የወደድኋት ግን ጭራዋን ተክላ፣ አፏ ላይ ሁለት መንኮራኩር የምታዞር የምትመስለዋን ነው። ውሃውን እየሳበች ስትበላ ቁርጥ ወፍጮ!

ጭንቀቴ ትንሿ ልጄ ነበረች። ክረምት በገባ ቁጥር ሆዷን ያማታል፣ ትከሳለች። ሳላፈላ ውሃ አጠጥቻት አላውቅም፤ ታዲያ ከየት መጣ?

አንድ ቀን ከምትጠጣበት ኩባያ ጠብታ ወስጄ አየሁ። ወፍጮዋ! ያፈላሁት ውሃ ውስጥ!

ካፈላሁበት ድስት ቀድቼ አየሁ፤ ምንም የለም። ውሃ ከምናቀዘቅዝበት የሸክላ ጋን፣ ከዚሩ ቀዳሁ፤ ውስጡ ገበያ ነው። ለካ አፍልቼ፣ እንዲቀዘቅዝ መልሼ ሸክላው ውስጥ እገለብጠው ኖሯል። በመተማ ሙቀት ትኩስ ውሃ ማን ይጠጣል? ዚሩ የአማቴ ነው፤ ውስጡ ተፈግፍጎ አያውቅም።

«እትዬ፣ ዚሩን ልፈግፍገው ነው» አልኋቸው።

«ቅዝቃዜውን ልትገድይው? ያ ውስጡ የተለጠፈው አረንጓዴ እኮ ነው የሚያበርደው። ባልሽ እሱን ጠጥቶ አይደል ግንድ ያከለው!»

«እስቲ መጀመሪያ ይዩ።»

አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አጎነበሱ። ብዙ ቆዩ።

«ምንድን ነው የምታዞረው?»

«ምግቧን ነው።»

«በእኔ ዚር ወፍጮ ተክላ!»

ታላቋ ልጄ ሳቀች። «እሷስ አታሳምምም፣ እማ። ግን እሷ ከተመቻት የሚያሳምመውም ይመቸዋል።»

ከአረንጓዴው ጥቂት በብርጭቆ አስቀረሁ፤ ወፍጮዬን መጣል አልሆነልኝም። ዚሩን በአሸዋ ፈግፍጌ፣ በፈላ ውሃ አለቅልቄ ፀሐይ ላይ ደፋሁት። በማግስቱ የቀዳሁት ጠብታ ጸጥ ብሎ ነበር፤ አንድም የሚላወስ የለም። እልል አልሁ።

አማቴ ከዚሩ ቀድተው ተጎነጩ፤ ደገሙ።

«በርዷል» አሉ፣ ፊታቸውን አዙረው።

ከዚያ በኋላ ዚሩን በየሳምንቱ እንዲሁ ፈገፈግሁ፤ ያን ክረምት ትንሿ ልጄ አንድም ቀን ታማ አልተኛችም። ሰሊጥ ሲታጨድ የዓምና ቀሚሷን ላለብሳት ብል አልገባ አላት፤ ላሰፋው የጎኑን ስፌት በምላጭ ተረተርሁት፣ እየዘፈንሁ።