የዋርቲኒ ጠርዝና ነጯ ክኒን

የጎረቤቴን የዋርቲኒን አንድ ቀን ብናሰላው ሦስት መሐረብ፣ ሁለት ቢጫ ክኒን፣ አንድ ሳህን የዓይን መታጠቢያ ውሃና የጎረቤቱን ሁሉ «ይማርሽ» ይፈጅ ነበር። ልጄን እያጠባሁ በግድግዳው በኩል ስሰማት አንድ ማለዳ ሃያ ሦስት ጊዜ አስነጥሳለች። ከዚያ በኋላ «ይማርሽ» ማለቱም ሰለቸኝ።

እንደ ታላቅ እህቴ ስለማያት «ምባክ» ነው የምላት። ሥራዋ ፍራሽ መስፋት ነው። እዚህ በከተማችን በፓቲ ፍራሽ የሚሞላው በዛፍ ጥጥ ነው፤ ጥጡ ሲነደፍ ብናኙ እንደ ጉም ቤቱን ይሞላዋል። ሌላው ሠራተኛ ሳምንት አስነጥሶ ይለምደዋል። የእሷ አፍንጫ ግን በዐሥራ አንድ ዓመቱም አልለመደም። ዓይኗ ይቀላል፣ ላንቃዋን ያሳክካታል፤ አለርጂ ነው። እንዲያም ሆኖ ጠርዝ አሰፋፍ ላይ የሚደርስባት የለም። እሷ የሰፋችው ፍራሽ ስንት ዓመት ቢተኙበት ማዕዘኑ አይሟሽሽም።

ባለፈው ዓመት ከረመዳን በፊት የፍራሽ ቤቱ ባለቤት ፓክ ካስሙሪ፣ ማለት አቶ ካስሙሪ፣ ለአንድ የቁርኣን አዳሪ ትምህርት ቤት አርባ ፍራሽ በሃያ ቀን ሊያስረክቡ ተስማሙ። ዋርቲኒንም ጠርተው እቅጩን ነገሯት። በዚህ ሥራ ላይ እያንቀላፋች ካዘገየቻቸው የዋና ሰፊነቱን ቦታ የእህታቸው ልጅ ትይዘዋለች፣ እሷ በር ላይ ቆማ ትሸጣለች።

የምታስተኛት ቢጫዋ ክኒን ነበረች። ከሱቅ ነው የምትገዛት። ማስነጠሱን ታቆምላታለች፣ ጭንቅላቷን ግን እንደ እርሳስ ታከብድባታለች። ልጄን አዝዬ ዋርቲኒን ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ሐኪሙ ሎራታዲን የምትባል ነጭ ክኒን፣ በቀን አንድ ብቻ፣ አዘዙላት።

በማግስቱ ለምሳ ስትመጣ ፊቷ ተቆጥቷል።

«ይቺ ክኒን ውሸት ናት» አለችኝ። «ከዋጥኳት አራት ሰዓት አለፈ፤ አንዴ እንኳ አላዛጋሁም።»

«ስንቴ አስነጠስሽ?»

«ሦስቴ።»

«ታዲያ ሠርታለቻ!»

«ሂጂ እዚያ! ሰው ካልጣለ ምኑን መድኃኒት ሆነ?»

በሰፈራችን ይህን የምትለው እሷ ብቻ አይደለችም። መድኃኒት መሥራቱን የምናውቀው ሲያስተኛን ነው። ስለዚህ ለእኔ ሳትነግረኝ በነጯ ላይ ቢጫዋን ደረበች። አፍንጫዋ አሁንም ጠፈፍ ስላላለ ደግሞ የጉንፋን ክኒን ጨመረችበት።

በስድስተኛው ቀን የዐሥራ አንደኛውን ፍራሽ ጠርዝ እየሰፋች እንቅልፍ ጣላት። ፓክ ካስሙሪ ሲጠሯት ደንግጣ ብድግ ስትል ፍራሹም አብሯት ብድግ አለ። የሽርጧን ጫፍ ከጠርዙ ጋር ሰፍታው ኖሯል።

«ትምህርት ቤቱ ያዘዘው ፍራሽ ነው» አሉ ፓክ ካስሙሪ፣ «ሰፊዋ ምርቃት ትጨመርልኝ አላለም።»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። እሷ አልሳቀችም። ከነገ ወዲያ የእህታቸው ልጅ እንደምትጀምር ነገሯት፤ የቀራት አንድ ቀን ነበር።

በማግስቱ በጠዋት ያላትን ክኒን ሁሉ በፌስታል ይዛ ተመልሰን ጤና ጣቢያ ሄድን። የመድኃኒት ክፍሏ ባለሙያ ቡ ፑርዋንቲ፣ «ቡ» ማለት ወይዘሮ ነው፣ ክኒኑን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ማሸጊያውን አንድ በአንድ አነበቡ።

«የጉንፋኑ ክኒን ውስጥም ይቺው ቢጫዋ አለች» አሏት። «ነጯም ሥራዋ ያው ነው። አንድ ሌባ ለመያዝ ሦስት ዘበኛ ቀጥረሻል፤ ሁለቱ ደግሞ የሚያስሩት አንቺን ነው።»

«ታዲያ ቡ፣ ነጯ መሥራቷን በምን አውቃለሁ?»

«አፍንጫሽን ጠይቂው። ሽፋሽፍትሽ ምን አገባው?»

ከዚያ ረጋ ብለው አስረዱን። እንደ ነጯ ያሉት ክኒኖች ብዙ ሰው አያስተኙም፤ አንዳንዱን ግን ያደክማሉ፣ ስለዚህ ገና ሲጀምሩ ሰውነት እንዴት እንደሚቀበላቸው ሳያዩ ሞተር ብስክሌት መንዳት ደግ አይደለም። ክኒን ብናኝ አይጠርግም፤ ማስክ ያስፈልጋል። ፊት ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረ ክኒን ውጦ መጠበቅ የለም፣ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው። ጀርባዬ ላይ ያለውን ልጄን አይተው ደግሞ ቢጫዋ ሕፃን ማስተኛ እንዳልሆነች ነገሩኝ። አንገቴን ደፋሁ፤ ሩቧን ቆርሼ የሰጠሁት ሌሊት ነበርና።

ከዚያ ዋርቲኒ ሄዳ ፓክ ካስሙሪን የሦስት ቀን ጊዜ እንዲሰጧት ለመነቻቸው። እያጉረመረሙ ሰጧት። ጥጡ ደጅ እንዲነደፍ አስደረገች፣ ማስክ አጠለቀች፣ ጠዋት ጠዋት ነጯን ብቻ ዋጠች። በሦስቱ ቀን ዘጠኝ ፍራሽ ሰፋች። ፓክ ካስሙሪ የእህታቸውን ልጅ መርፌ እንድታቀብላት አጠገቧ አስቀመጧት፤ ልጅቷም አሰፋፉን ከእሷ ተማረች። አርባው ፍራሽ ሁለት ቀን ሲቀረው አለቀ። የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ማዕዘኑን በመዳፋቸው ተጭነው ማን እንደሰፋው ሲጠይቁ ፓክ ካስሙሪ ክንዷን ይዘው ወደ ፊት አወጧት።

«ይቺ ናት፣ ዋናዋ ሰፊያችን» አሉ፣ ሠራተኛው ሁሉ እየሰማ።

ይህን ልጽፍ መሆኔን ስነግራት ዋርቲኒ መርፌዋን አስቀመጠች። ለእናንተ አድርሺ ያለችኝን እንዳለችው አስፍሬዋለሁ፦ «ለማስነጠስና ለጉንፋን የምትውጡትን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል አድርጉና መድኃኒት ለሚያውቅ ሰው ውሰዱት። የትኛውን ልተው ብላችሁ ጠይቁልኝ።»