ሰሎሜ የመረጠችው የነዳጅ ታንክ

ሰው በነዳጅ ታንክ ምክንያት በቅናት ይቃጠላል ብትሉኝ ኖሮ እኔም አላምንም ነበር። ነገሩ የደረሰብኝ እዚህ ለንደን፣ ባለፈው ዓመት ብርዱ ሊለቅ ሲል ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር አልፏል፤ ይሄ ግን ከልቤ አልወጣም። ባለቤቴ ሞተሩን አስነስቶ በወጣ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ይመስለኛል።

እኔና ታምራት የምንኖረው ኪልበርን ነው። እሱ በሞተር ሳይክል ምግብ ያደርሳል፤ እኔ ጠዋት ጠዋት ቢሮ አጸዳለሁ። ትምህርቴ ስድስተኛ ክፍል ላይ ስለቆመ እንግሊዝኛዬ ከሥራ ቦታ የለቀምኩት ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከልጅነቴ ጀምሮ ዓይን አፋር ነኝ። አውቶቡስ ውስጥ መውረጃዬ ደርሶ ሰው ቢዘጋብኝ፣ «አሳልፉኝ» ከምል ቀጣዩ ፌርማታ ወርጄ በእግሬ ብመለስ ይሻለኛል።

አንድ ቀን ታምራት ከሥራ ሲገባ ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ሸተተ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ርሷል። የሞተሩ ነዳጅ ታንክ፣ እሱ እንደ አገር ቤት የጋራዥ ሰዎች «ሰልባትዮ» ነው የሚለው፣ ከሥሩ በዝገት ተበልቶ ማንጠባጠብ ጀምሯል። ታንኩ ያለው ከመቀመጫው ፊት፣ በሁለቱ ጉልበቶቹ መሃል ነው። አንዲት የእሳት ፍንጣሪ ብትነካው ምን እንደሚሆን አሰብኩ።

«ሳይቀየር አትነዳትም» አልኩት።

«ሳልነዳ ምን ልንበላ ነው?»

«አንተን በእሳት ሰጥቼ ከምበላ ጾሜን አድራለሁ።»

ሳቀና እሺ አለ። አዲሱ ዋጋው የማይቀመስ ስለሆነ፣ ከተፈታ ሞተር ላይ የወረደ ደህና ታንክ መፈለግ ነበረበት። እሱ ደግሞ መንዳት እንጂ የሞተር ዕቃ መምረጥ ብዙም አይሆንለትም።

«ሰሎሜን ልጠይቃት» አለኝ። «እሷ ሞተር ታውቃለች።»

ሰሎሜ የቤተ ክርስቲያናችን ልጅ ናት። የተወለደችውም ያደገችውም ሆሎዌይ ነው። ቢሮ ነው የምትሠራው፤ የምትሄደው ግን በራሷ ሞተር ነው። እሑድ እሑድ ሄልሜቷን በብብቷ ይዛ ስትገባ ሽማግሌዎቹ ሳይቀሩ ዞር ብለው ያዩዋታል። ረጅም ናት፤ ጥርሷ ያምራል፤ ስትናገር ማንንም አትፈራም። ባሌን «ታሜ» ነው የምትለው። እኔ ሚስቱ እንኳ በሰው ፊት «ታሜ» ብዬ ጠርቼው አላውቅም።

ከዚያን ቀን ጀምሮ የታምራት ስልክ ዕረፍት አጣ። መልእክት በገባ ቁጥር ፈገግ ይላል።

«ምንድን ነው እሱ?» እለዋለሁ።

«ሰሎሜ ናት፤ ታንክ ልካልኝ ነው።»

ታንክ ምኑ ያስቃል? ሻወር ሲገባ ጠብቄ ስልኩን አየሁት። እውነትም ታንክ ነው። ጥቁር ታንክ፣ ቀይ ታንክ፣ ጎኑ የተጨረመተ ታንክ። ከፎቶዎቹ ሥር ግን በእንግሊዝኛ ረጅም ረጅም ጽሑፍ አለ። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ ይመልሳል፣ መጨረሻው ላይ የሚስቅ ፊት አለ። የሚስቀውን ፊት አወቅሁት፤ ያሳቀውን ነገር ግን ማንበብ አልቻልኩም። ልቤ የተቃጠለው ያኔ ነው። የፍቅር ቃል ባገኝ እንኳ ቢያንስ ማልቀሻ ይሆነኝ ነበር።

ቅዳሜ ሦስታችን አብረን፣ ከከተማው ዳር ወዳለ የተፈቱ ሞተሮች የሚሸጡበት ግቢ ልንሄድ ሆነ። ታምራት የአጎቱን ልጅ መኪና ተዋሰ። «አንቺ ምን ያደርግልሻል፤ ይበርድሻል፣ እቤት አረፍ በይ» ሲለኝ ጭራሽ ነገሩ ከነከነኝ። ካፖርቴን ለብሼ ቀድሜው ወረድኩ።

ሰሎሜ በር ላይ ስትደርስ፣ «ሰሎሜ፣ አንቺ ፊት ግቢ» አልኳት።

ይሄን ያልኩት ለወጉ ነው። በእኛ ዘንድ እንግዳ እንዲህ ሲባል «ኧረ በፍጹም! አንቺ እያለሽ?» ይላል። ትለምኚዋለሽ፣ «በሞትኩት» ትይዋለሽ፣ እሱም ይምላል፣ መጨረሻ ላይ ሚስት በቦታዋ ትቀመጣለች። እንዲህ ስል ያደግሁ፣ ስባልም ያደግሁ ሰው ነኝ።

ሰሎሜ ግን፣ «ኦ፣ ታንክስ የሺዬ! ሶ ስዊት!» አለችና በሩን ከፍታ ገባች። ቀበቶዋንም አሰረች።

እኔ ኋላ ገባሁ። መንገዱን ሙሉ የማየው የሁለቱን ጭንቅላት ነው። በአማርኛ ይጀምሩና ወደ እንግሊዝኛ ይገባሉ። «የሺ፣ በረደሽ እንዴ?» አለኝ ታምራት አንዴ። «ኧረ ደህና ነኝ» አልኩ። በሰው አገር የእኔ የምለው አንድ ሰው አለኝ፤ እሱም ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ በማልሰማው ቋንቋ ከሌላ ሴት ጋር ይስቃል። ቢወስዱት እንኳ ሲወሰድ አልሰማም ማለት ነው።

ግቢው ጭቃ ነው። ሞተሮች አጥንታቸው ብቻ ቀርቶ ተደርድረዋል። ባለቤቱ ነጭ ጢም ያለው ወፍራም እንግሊዛዊ ነው። ቢሮው በር ላይ ቆሞ ሻይ እየጠጣ፣ ከመኪና ስንወርድ አየን።

ታምራት የሞተሩን ዓይነትና ዘመን ነገረው። ሰውየው ገባና ሁለት ታንክ አውጥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠ። አንዱ ቀይ ነው፤ ልክ እንደ ሞተራችን፣ ያብረቀርቃል፣ ክዳኑም ሳይቀር አዲስ ይመስላል። ሁለተኛው ሰማያዊ ነው፤ ቀለሙ ደብዝዟል፣ ጎኑ ላይ ጡጫ የተመታ ይመስል ጎድጉዷል።

የታምራት ዓይን ቀዩ ላይ ቀረ። ሰሎሜ ግን ሁለቱንም አንስታ ገለበጠቻቸው። ስልኳን አብርታ ውስጣቸውን አየች፣ አሸተተች፣ ጣቷን ሥራቸው ላይ ባለው ቀዳዳ አዞረች። ከዚያ እንግሊዝኛና አማርኛ እያቀላቀሉ መከራከር ጀመሩ። እጃቸውን እያየሁ የተረዳሁት እንዲህ ነው፤ የእኛ ሞተር የነዳጅ ፓምፑ የሚቀመጠው ታንኩ ውስጥ ነው። የሰማያዊው ቀዳዳ ለፓምፑ ልክ ነው። ቀዩ ያለ ፓምፕ ለሚሠራ ለዱሮው ዓይነት የተሠራ ነው፤ ቀዳዳው ጠባብ ነው።

«ታሜ፣ ሊስን ቱ ሚ! አይገባም እኮ» አለችው።

«ብየዳ የሚያውቅ ልጅ አለ፤ ያሰፋልኛል። ቀለሙን እይው እስኪ!»

«ቀለም ነው የምትነዳው?»

ይሄን ጊዜ ሰውየው ሳቀና ታምራትን ትከሻውን መታ መታ አደረገው። «ሚስትህን ስማ፤ ትክክል ናት» አለው።

«ሚስትህ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ አውቀዋለሁ። ወደዚህ አገር ስመጣ ከሁሉ በፊት የተማርኩት ቃል እሱ ነው።

ታምራትን አየሁት። «አይደለችም» እስኪል ጠበቅሁ። እሱ አንገቱን ሰበር አድርጎ ፈገግ አለ እንጂ ምንም አልተነፈሰም። ሰሎሜም ከት ብላ ሳቀች። ሰውየው ወደ እኔ ዞረና፣ «እሷስ፣ ዝምተኛዋ እህትህ ናት?» አለ።

ከየት እንደመጣ የማላውቀው ድምፅ ከአፌ ወጣ።

«ኖ! ዋይፍ ኢዝ ሚ!»

በጣም ጮኼ ነበር መሰለኝ፣ ወዲያ ማዶ ብሎን የሚፈታው ሠራተኛ ቀና ብሎ አየን። ፊቴ ጋለ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሰሎሜ ሳቅ ጥርሷ ላይ ቀረ። ታምራት መሬት መሬት ያያል።

ሰውየው የሻይ ኩባያውን አስቀመጠና ኮፍያውን አወለቀ። ደጋግሞ «ሶሪ» አለኝ። ከዚያም ሁለቱን ታንኮች ወደ እኔ ገፋ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ፣ እንዲገባኝ እየተጠነቀቀ፣ «እንግዲያስ ሚስትየዋ ትወስን። የትኛው?» አለ።

ሁሉም እኔን ያያሉ። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ እጄ ወደ ቀዩ ሄዶ ነበር። ቀዩን ወድጄው አይደለም። ሰሎሜ ሰማያዊ ስላለች ነው። ሰማያዊውን ከመረጥኩ የእሷ ምርጫ በየቀኑ ደጃፌ ሊቆም ነው፤ ባሌም በየቀኑ ሊቀመጥበት ነው። «ቀዩ» ብዬ አፏን ባስዘጋት ደስታዬ ነበር።

ግን ከመናገሬ በፊት ታምራትን በአማርኛ ጠየቅሁት።

«ቀዩ በደንብ ሳይገጥም ቢቀር ምን ይሆናል?»

«ያው... ትንሽ ሊያፈስ ይችላል።»

«የት ላይ ነው የሚያፈሰው?»

ዝቅ ብሎ ጉልበቱን አየ። እኔም አየሁት። ያ የረጠበ ሱሪ መጣብኝ። ቅናቴ የመረጠው ታንክ በባሌ ጉልበት መሃል ቤንዚን ይዞ ሲቀመጥ ታየኝ።

«ሰማያዊው» አልኩ። ምራቄን ስውጥ መራራ ነበር።

ስንመለስ ማንም ሳይላት ሰሎሜ ኋላ ገባች። ጥቂት እንደሄድን ወደ ፊት ጎንበስ ብላ፣ «የሺዬ፣ ተናደድሽብኝ?» አለችኝ።

«ኧረ በጭራሽ!»

«ሲሪየስሊ። ንገሪኝ።»

እንግዲህ አንዴ አፌ ተከፍቷል አልኩና ነገርኳት። «ፊት ግቢ ስልሽ እምቢ ማለት ነበረብሽ።»

«ግን አንቺ ነሽ እኮ ግቢ ያልሽኝ!»

«ለወጉ ነዋ።»

«ለወጉ ማለት?»

«ማለት... እኔ ግቢ እላለሁ፣ አንቺ አልገባም ትያለሽ፣ እኔ እለምንሻለሁ፣ አንቺ ትምያለሽ።»

«ኤንድ ዜን?»

«ከዚያ እኔ እገባለሁ።»

ሰሎሜ አፏን ከፍታ ቀረች። «ኦ ማይ ጋድ፣ እማዬም እንዲህ ናት! 'አልራበኝም' ትላለች፤ ሳንሰጣት ስንቀር ደግሞ ታኮርፋለች። ማንም ኤክስፕሌን አድርጎልኝ አያውቅም!» አለች። ታምራት በሳቅ መሪውን ሊለቀው ደረሰ። እኔም ሳልወድ ሳቅሁ። እየሳቅሁ ግን ጥርሷን በመስታወቱ አየሁት፤ አሁንም ያምራል።

እቤት ስንገባ ታምራትን ያዝኩት።

«ሰውየው ሚስትህ ሲል ለምን ዝም አልክ?»

«ምን ልበል? ልጅቷ ለእኛ ስትል ጭቃ ረግጣ መጥታ፣ 'ኖ፣ እሷ ሚስቴ አይደለችም' ብዬ በፈረንጅ ፊት ላሳፍራት?»

«እኔን ማሳፈርህስ?»

«አንቺማ የቤት ሰው ነሽ» አለኝ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

«የቤት ሰው ስለሆንኩ ነው ያመመኝ» አልኩት። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ለውጭ ሰው ብቻ እንደሚሠራ ያኔ ገባኝ። በኋላ «ልክ ነሽ» አለ።

ታንኩ ወዲያው አልተገጠመም፤ አንድ ማሸጊያ ጎማ በፖስታ እስኪመጣ በረንዳችን ላይ ተቀመጠ። ልብስ ላሰጣ በወጣሁ ቁጥር ያ ሰማያዊ ነገር ያፈጥብኛል። ሰሎሜ ራሷ ሰተት ብላ ገብታ በረንዳዬ ላይ የተቀመጠች ነበር የሚመስለኝ። ታምራት «ቀለም ምን ያደርጋል፣ ዋናው አለማፍሰሱ ነው» አለና ተወው።

እኔ አልተውኩትም። ሱቆቹ ወዳሉበት ዋና መንገድ፣ ሃይ ሮድ፣ ወርጄ ለብረት የሚሆን ቀይ ቀለምና ብሩሽ ገዛሁ። ባለሱቁን ቀለም ስጠኝ ለማለት አላፈርኩም። ጋዜጣ አንጥፌ፣ ታንኩን በአሸዋ ወረቀት ፈግፍጌ ቀባሁት። ሲደርቅ እንደገና ቀባሁት። የብሩሹ መስመር ይታያል፤ ጎድጓዳው ጋ ቀለሙ ወርዶ ተጠራቅሟል፤ ከሞተሩ ቀይም ትንሽ ይጠቁራል። ታምራት ሲያየው ሊስቅ ነበር፤ ፊቴን አይቶ ዋጠው። እንደዚያው ገጠመው።

ታንኩ እስካሁን አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም። ሰሎሜ ትክክል ነበረች፤ እውነቱን መሸፈን አልችልም። እሑድ ስንገናኝ ስማኝ ታልፋለች፤ እኔም እስማታለሁ። ክፉ ልጅ አይደለችም። ስሟ ስልኩ ላይ ብልጭ ሲል ግን ዛሬም ደረቴ ውስጥ አንድ ነገር ይግላል። ቅናት በአንድ ቀን ጩኸት የሚወጣ ነገር አይደለም። አሁን እንደ ዱሮው በዝምታ አላፍነውም፤ «ምን ትላለች?» እለዋለሁ፣ እሱም ቁጭ ብሎ በአማርኛ ያነብልኛል።

ምግብ ቤት በር ላይ ትእዛዝ የሚጠብቁ ባለሞተሮች በታንኩ ይቀልዱበታል አሉ። «ይሄን ማን ነው የቀባው?» ይሉታል። «ሚስቴ ናት» እላቸዋለሁ ይለኛል ታምራት። እንዲህ ሲል ግን በጆሮዬ አልሰማሁትም፤ የነገረኝ ራሱ ነው። አንድ ቀን ሳልነግረው እዚያ ሄጄ ጥግ ይዤ እቆማለሁ።