ረቡዕና ዓርብ የሚመጣ ዓሣ

ወባ ደግ ቀን መርጦ አያውቅም፤ ይህንንስ ማን ያጣዋል። ግን ከቀን ሁሉ መርጦ፣ አጁሉ ዕቃዋን ጭና ወደ ኢታንግ የምትሄድበትን ዓርብ መያዝ ምን ይሉታል? ፀዳለ ከነጋ ጀምሮ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ትንቀጠቀጣለች። ዛሬ ጠዋት ተነሥታ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ የጎረቤቷን የአጁሉን ደጅ አንኳኩታ የምትናገረው አንድ ነገር ነበራት። ስንት ሳምንት በልቧ ስታብሰለስለው ከርማ፣ በመጨረሻው ቀን ጉልበቷ ከዳት።

ፀዳለ የጎሬ ልጅ ናት። ጋምቤላ የወረደችው ክልሉ ገና ክልል በተባለ ሰሞን፣ ቢሮው ሁሉ አዲስ ታፔላ ሲሰቅል፣ ጤና ጣቢያው ጤና ረዳት ሲያጣ ነው። ሙቀቱን ለመደችው። ትንኙንም እንደምንም። ያልለመደችው ክረምቱን ነው፤ እንዲህ እየዘነበ ብርድ የሌለበት ክረምት አለ እንዴ? ጎሬ ላይ በሐምሌ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል፤ ሰው እሳት ዳር ኩርምት ብሎ በቆሎ እየጠበሰ ይውላል። እና አትፍረዱባት፣ የወባው ብርድ አጥንቷ ድረስ ሲገባ፣ ከሕመሙ ሥር ትንሽ ደስ አላት። በስንት ጊዜዋ በረዳት።

ሌላውን ስታስታምም የኖረች ናትና ራሷንም ማስታመም ታውቅበታለች። ክሎሮኪኗን ዋጠች። መንቀጥቀጡ ፋታ ሲሰጣት በላምባ ምድጃዋ ውኃ አፈላች፤ ግማሹን ሎሚ ጨምቃበት ጠጣች፣ የቀረውን በቢራ ጠርሙስ ሞልታ፣ በአሮጌ ሹራብ እጅጌ ከታ እግሯ ሥር አደረገችው። ጋቢዋን እስከ አፍንጫዋ ሳበች። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይወርዳል፣ ይወርዳል። እግሯ ሲሞቅ፣ አፍንጫዋ ሲቀዘቅዝ፣ ማንም «ሲስተር፣ መርፌ ውጊኝ» ሳይላት። እንዲህ ያለውን ቀን ጤነኛ ሰው ምን ያውቀዋል!

ዝናቡን የወደደችው ግን ለድምፁ ብቻ አይደለም። ደጅ የቆመው የአይሱዙ ሾፌር፣ «ካላባራ አልንቀሳቀስም፤ የኢታንግን ጭቃ እኔ ነኝ የማውቀው» ብሎ ጋቢና ውስጥ ተኝቷል። ዝናቡ እስካለ ድረስ አጁሉ አለች። ስለዚህ ፀዳለ፣ ሰው ሁሉ ሰማዩ እንዲገለጥለት በሚለምንበት ወር፣ ከጋቢዋ ሥር ሆና «ጌታዬ፣ ጨምርበት» ትላለች።

የሁለቱን ቤት የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው። ፀዳለ እንደመጣች ሙቀቱ ሊገድላት ሲደርስ፣ እጇን ይዛ ከቤት አውጥታ፣ ከማንጎው ዛፍ ሥር ሰሌን ያነጠፈችላት አጁሉ ናት። «ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ዳቦ ነሽ?» ብላ ሳቀችባት። ከዚያ ወዲያ ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ሆኑ። አንዷ ሌላዋን ስትፈልግ ግድግዳውን ሁለቴ ትመታለች፤ ኳ፣ ኳ። ሌላዋ ትመጣለች። አጁሉ በአማርኛዋ፣ ፀዳለ ስብርብር ባለ አኙዋኛዋ፣ ማውራት ሳይጨርሱ ይመሽ ነበር።

ያበላሸው ዓሣው ነው። ዓሣውስ ምን በወጣው፣ አፍ ነው እንጂ።

የአጁሉ ባል ኦሞት ወንድም አለው፤ ባሮ ሲሞላ በጀልባው ከኢታንግ ዓሣ ያመጣል፤ የሚመጣው ረቡዕና ዓርብ ነው። እንግዲህ የዕድልን ሥራ ተመልከቱ! ባለፈው ክረምት አጁሉ መረቁን በሳህን አድርጋ፣ ትኩስ ትኩሱን ይዛ መጣች። ፀዳለ «ጠግቤያለሁ፣ አጁሉዬ» አለች። ጾም ነው አላለችም። በጾም ዓሣ ይበላል የሚሉ አሉ፤ እሷ ግን ከእናቷ ቤት አልለመደችውም። ደግሞም እናቷ «ጾምን የሚጾመውና ፈጣሪ ብቻ ይወቀው፤ ያወራሽው ቀን ፈረሰ» እያለች ነው ያሳደገቻት። ስለዚህ ረቡዕ ጠግቤያለሁ፣ ዓርብ ጠግቤያለሁ፣ ፍልሰታ ሲገባማ የተረፈውን በማግሥቱ ብታመጣላትም ጠግቤያለሁ።

ገበያ ላይ ሴቶቹ ለአጁሉ፣ «ደገኛ የኛን ምግብ ይጠየፋል» ይሏታል። «ፀዳለ እንደዚያ አይደለችም» ትላቸው ነበር። አንድ ረቡዕ ግን ሳህኗን እንዳለ ይዛ ተመልሳ፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ በኋላ በመስኮቱ ብታይ፣ ያቺ የጠገበችው ሴትዮ ሽሮዋን እየጎረሰች ነው። ምን ትበል? ሳህን ማምጣቱን ተወች። ግድግዳው ሲመታ አልመጣ አለች። ስሟንም ተወችው፤ «እንደምን አደርሽ፣ ሲስተር» ትላታለች፣ ልጇን ልታስከትብ እንደመጣች ሴት።

ፀዳለ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ስንት ወር ተብሰከሰከች። ኦሞት ለኢታንግ ወረዳ ቢሮ ተሹሞ ሊሄዱ መሆኑ የተሰማ ሰሞን፣ በር ላይ አግኝቷት ፊት ለፊት ጠየቃት፦ «ሲስተር፣ የኛን ምግብ ለምንድን ነው የምትጠዪው?» ያኔ ሁሉም ነገር ባንድ ጊዜ ገባት። ከኀፍረት ብዛት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ቤቷ ገባች። እነሆ ዛሬ ትናገራለች፣ ነገ ትናገራለች ስትል ይሄው ዓርብ መጣ።

ብርዱ ለቀቃትና ትኩሳቱ ወጣ። ግድግዳው ወዲያ ሣጥን ሲጎተት፣ ሕፃን ሲያለቅስ፣ አጁሉ የቸርቿን መዝሙር ለራሷ ስታንጎራጉር እየሰማች፣ ዓይኗ ተከደነ። ጎሬ ናት። ጉም ነው። በጉሙ ውስጥ ዓሦች ቀስ ብለው ይዋኛሉ፣ በእናቷ ጣራ ላይ እያለፉ። እናቷ ደጃፍ ላይ ቆማ «ግቡ እንጂ፣ ምን ውጭ ውጭ ትዞራላችሁ» ትላቸዋለች። አጁሉ እሳቱ ዳር ተቀምጣ የተጠበሰ በቆሎ ትፈለፍላለች፤ አንድ ፍሬ ለራሷ፣ አንድ ፍሬ ለፀዳለ። ፀዳለ እጇን ስትዘረጋ አፏ ሳታዘው «ጠግቤያለሁ» ይላል፤ ፍሬው ጉም ሆኖ ይጠፋል። ደግማ ትዘረጋለች፤ አፏ ያንኑ ይላል። አጁሉ አትቆጣም፤ ዝም ብላ ትፈለፍላለች።

ስትነቃ አንድ ነገር ጎድሏል። ምን እንደሆነ ለማወቅ ጥቂት ቆየች። ቆርቆሮው ዝም ብሏል። ዝናቡ አባርቷል።

«ወይኔ!» ብላ ተነሣች፤ መሬቱ ተነሥቶ መልሶ አልጋው ላይ ጣላት። ደጅ ሞተሩ ተንተፋትፎ ተነሣ። ድምፅ አውጥታ ብትጣራም ከጉሮሮዋ የወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። እግሯ ሥር የነበረውን ጠርሙስ አንሥታ ግድግዳውን መታች፤ ኳ፣ ኳ። ማንም የለም። በሙሉ ኃይሏ ደገመችው፤ ከግድግዳው ጭቃ ረገፈ። ከዚያ ጋቢዋን አፏ ላይ ጠቅጥቃ ማልቀስ ጀመረች።

«ሲስተር፣ ግድግዳ መታሽ?»

አጁሉ በሩ ላይ ቆማለች፤ የመንገድ ልብሷን ለብሳ፣ እግሯ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ። ወደ ውስጥ ግን አልገባችም።

«ወባ ነው?»

«ወባ ነው። አጁሉ፣ ዓሣ ሠርተሻል አይደል? ሸቶኛል።»

የአጁሉ ፊት ተዘጋ። «ለመንገድ ነው። አንቺ ጠግበሻል።»

«አልጠገብኩም! ጠግቤም አላውቅ! ረቡዕና ዓርብ ጾም ነው፣ አጁሉ። ርቦኝ፣ ሽታው ሆዴን እየቆረጠኝ ነው ጠግቤያለሁ ስልሽ የነበረው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ቆይቼ ነው ሽሮዬን የምበላው። ያንቺን እጅ ተጠይፌ አይደለም፤ ማርያምን!»

አጁሉ አንድ እግሯን ወደ ውስጥ አስገባች። «ረቡዕና ዓርብ» አለች ቀስ ብላ፣ «ዓሣ የሚመጣበት ቀን።»

«አዎ።»

«እና አፍ የለሽም?» አሁን ተቆጣች። «ጾም ነው ማለት ምን ከባድ ነው? እኔ ሳህኑን ሳጥብ አለቀስኩ! ፀዳለ እኔን ቆሻሻ ናት አለች ብዬ አለቀስኩ!»

«ጾም አይነገርም ብላ እናቴ…» አለች ፀዳለ፤ ከዚያ ማልቀሷ መጣ። ስታለቅስ ደግሞ ብርዱ ተመልሶ ጥርሷን ያንገጫግጨዋል። እንባና የጥርስ ፍጭት ባንድ ፊት ላይ ሲታይ የሚያስቅ ነገር ነው፤ አጁሉ ሳትፈልግ ሳቋ አመለጣት።

ሾፌሩ ጥሩምባውን ነፋ። አጁሉ ወደ ደጅ ዞረችና «ኦሞት! ድስቱን አውርድ!» አለች።

«ከፍራሹ ሥር ነው ያለው!»

«አውርድ አልኩ!» የቀረውን በአኙዋኛ ጨመረችበት፤ ፀዳለ ሁሉም ባይገባትም ሾፌሩ ሞተሩን አጠፋ።

መረቁ በሳህን መጣ። አጁሉ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፣ ግን ሳህኑን ወደ ራሷ አስጠግታ ያዘችው። «ዛሬ ዓርብ ነው። ጾምሽስ?»

«ለበሽተኛ ይፈቀዳል። ባይፈቀድም ከንስሐ አባቴ ጋር እኔ እጨርሳለሁ። አምጪ።»

ጠጣችው። ቃሪያው አፍንጫዋን ከፈተው፣ ሙቀቱ እስከ እግር ጣቷ ወረደ። አጁሉ እያንዳንዱን ጉንጭ በዓይኗ ተከተለች።

«ልጨምርልሽ?»

ፀዳለ እስከ ጉሮሮዋ ሞልታለች፤ በሽተኛ ሆድ ስንት ይችላል? ያች ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ መጣች። መልሳ ዋጠቻትና ሳህኑን ዘረጋች። ሁለተኛውን እንዴት እንደጨረሰችው እሷና ፈጣሪ ያውቃሉ።

አጁሉ በመዳፏ ግንባሯን ዳሰሰቻት፣ ጋቢውን እስከ አገጯ አለበሰቻት። «ተኚ፣ ፀዳለ» አለች። በስሟ ጠርታ ካነጋገረቻት ዓመት ሊሆን ነው።

መኪናው ተነሣ። ጭቃው ውስጥ እያቃሰተ ሲዞር፣ ከዕቃው ላይ የአጁሉ ድምፅ መጣ፦

«ፀዳለ! ኢታንግ ስትመጪ ቅዳሜ ነይ! ዓሣውን ቅዳሜ ነው የምሠራው!»

ፀዳለ የምትመልስበት ድምፅ አልነበራትም። ጠርሙሱን አንሥታ የባዶውን ቤት ግድግዳ ሁለቴ መታች።