ለሐጂ ዓይን የሚበቃ ፊደል

በእኛ አገር ሥርዓት የሚወድ ሰው ሥራ ፈት ይባላል። እኔም ይህን ስም ያተረፍኩት ቢቸና ባለች አንዲት ኮምፒውተር ቤት፣ የሞጣውን ሐጂ መጽሐፍ ለኅትመት ሳዘጋጅ ነው። ሐጂ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሞጣ ላይ ጨርቅ ሲነግዱ ኖረው በስተርጅና የገበያውን ታሪክ ጽፈዋል፤ ጨዋታው፣ ግጥሙ፣ የነጋዴው ክርክር ሁሉ አለበት።

ገጹን የምትሠራው ሴት ምላሷ ከጣቷ ይፈጥናል። ግጥም ባገኘች ቁጥር በማውዝ እየመረጠች ፊደሉን ታደምቃለች፣ ታጋድማለች። እኔ ግን ስታይል ይበጅለት አልኩ፦ ለግጥሙም ለክርክሩም መልኩን አንዴ ወስነን ስም እንስጠው፤ ሁሉም «ዋና ጽሑፍ» ከሚባል አንድ አባት ይወለዱ፤ አባት ሲለወጥ ልጆች ይከተላሉ። በሰው ልጅ ላይ አይቼው የማላውቀው ታዛዥነት ነው።

«ጋሼ፣ መጽሐፍ እየሠራን ነው ወይስ ክርስትና እያነሳን?» አለችኝ፣ ስም ማውጣቱ ሲረዝምባት።

«ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»

«የእኔ መቀነት ተፈትቶ አያውቅም!»

ናሙናውን ይዤ ሞጣ ሄድኩ። ሐጂ ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ገለጡት፤ ራቅ አደረጉት፣ ቀረብ አደረጉት፣ ወደ ብርሃኑ ዞሩ።

«ወረቀቱ ደህና ነው» አሉ።

ደነገጥኩ። እኒህ ሰው አንድ ቃል ስነካባቸው ሰፈር የሚያናውጡ ናቸው። ወረቀቱን ያመሰገኑት ፊደሉ ስላልታያቸው ነው።

«ልጅዎ ቢያነብልዎስ?»

«የገዛ ወሬዬን ከሰው አፍ ልስማ? እኔ ካላነበብኩት ይቅር፣ አይታተም።»

የምራቸውን ነበር። ያ ሁሉ ድካም በአንድ ጥንድ የደከመ ዓይን ሊቀር ሆነ።

ቢቸና ተመልሼ ፊደሉ ማደግ አለበት ስላት ሴትዮዋ ራሷን ያዘች።

«መላውን መጽሐፍ? እንደ አዲስ? በሉ እንግዲህ ለፋሲካ ያገናኘን።»

«አባትየውን ክፈቺው።»

ከፈተችው፤ የፊደሉን መጠን ቁጥር ከፍ አደረግነው። ግጥሙም ክርክሩም ዓይናችን እያየ አብሮ አደገ፤ ርዕሶቹን በራሳቸው ስታይል አንዴ ነካናቸው፤ አለቀ። የመጀመሪያው ምዕራፍ ብቻ፣ ስም ከማውጣታችን በፊት በእጇ ያስጌጠችው፣ እንደ ተቀየመ አማች ካለበት አልንቀሳቀስም አለ። ሳቄን አፍኜ አየኋት።

«ይሳቁ ጋሼ፣ ይሳቁ! ይውጣልዎ!» አለችና ምዕራፉን ወደ ስታይሉ መለሰችው።

ኮምፒውተር ሰውን ያሰንፋል የሚሉ አሉ። ለእኔ ሰነፍ ማለት አንዴ ማሰብ ታክቶት አንዱን ሥራ ሺህ ጊዜ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለውን ሰው ታታሪ ብለን ስንሸልመው መኖራችን ይገርመኛል።

አዲሱን ናሙና ሐጂ ሲቀበሉኝ ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ። ቀጥሎ ድምፅ ወጣ። አንድ የጨርቅ ክርክር ላይ ደርሰው፣ ቀልዱ ገና ሳይመጣ ራሳቸው ሳቁ፤ የጎረቤት ነጋዴዎች ሊሰሙ ተሰበሰቡ። ድንገት ጣታቸው አንድ ቃል ላይ ቆመ።

«ይቺን ማን ጨመራት?»

«እኔ ነኝ ሐጂ፣ እንዲያምር ብዬ።»

«አማረልህ? አውጣት! ሌላም ሳትነካካ አልቀረህም። ቁጭ በል፣ ከመጀመሪያው እናየዋለን።»

ቁጭ አልኩ። በሰው ፊት እያነበቡ፣ እየሰደቡኝ፣ እንደገና እያነበቡ ዋሉ። እንደዚያ ቀን ተሰድቤ፣ እንደዚያ ቀን ኮርቼ አላውቅም።