ግድቡ የለበሰው ጋቢ

አታምኑኝም፣ ግን ልናገር። ያ ትልቅ ግድብ ሞልቶ ትርፉ ውሃ ሲወርድ፣ የሚወርደው በእናቴ ፈትል ላይ ነው። ሚስቴ ይቺን ወሬ ስጀምር ተነስታ ትሄዳለች።

ሰሞኑን ከኮምቦልቻ ደሴ ወጥቼ ፒያሳ ስደርስ፣ የአንድ አዲስ ፎቅ ወለል የራሰ ጆንያ አልብሰውታል። ያ የእርጥብ ጆንያና የሲሚንቶ ሽታ መሀል መንገድ ላይ ገተረኝ። ባለባጃጁ "ጋሼ፣ ያሳልፉን እንጂ" ይለኛል። እኔን እኮ ነው ጋሼ የሚለኝ።

ያኔ ግድቡ ሲሠራ ጎረምሳ ነኝ። የግድቡን ማስተንፈሻ፣ ትርፉ ውሃ የሚንሸራተትበትን ማለቴ ነው፣ ያለሰለስነው የወሎ ልጆች ነን። እኔ ያለሰለስኩት ላይ ዝንብ ብታርፍ ትንሸራተት ነበር። ፎርማናችን የቢስቲማ ሰው ናቸው፤ ከየቀያችን ለቅመው ያመጡን እሳቸው። የደረቀውን በጉንጫቸው እየዳበሱ "እዚህች ጋ ውሃው ይነክሳታል" ይላሉ።

አንድ ቀን የኮንክሪቱን ሙሌት ጨርሰን ጎህ ቀደደ። ኮንክሪቱን የምናለብሰውን ጆንያ የጫነው መኪና ግን ማዶ አሸዋ ውስጥ ተቀርቅሯል። የዚያ በረሃ ፀሐይ ደግሞ አትምርም። ያልተሸፈነ ኮንክሪት ይሰነጠቃል፣ ከተሰነጠቀ ይፈርሳል፣ ከፈረሰ ፎርማኑ ይባረራሉ፣ እኛም ተከትለናቸው ወደ አገር ነው።

ፎርማኑ ሽርጣቸውን ፈትተው በቁምጣ ቀሩና ውሃ ነክረው ኮንክሪቱን አለበሱት። እኛም ሮጥን። ሽርጥ፣ አንሶላ፣ ብርድ ልብስ፣ ያለንን ሁሉ አወጣን። በስተግራ ጫፉ ላይ አንድ ሰው የሚያስተኛ ያህል ቦታ ቀረ።

እናቴ ኩታበር ሆና ለሰርጌ የፈተለችው ጋቢ ሳጥኔ ውስጥ ነበር፣ ገና ያልተለበሰ። ይዤው መጣሁ።

"የሰርግህ አይደለም እንዴ?" አሉኝ ፎርማኑ።

"ሙሽራዋ አልተገኘችማ፣ ጋሼ።"

"ቀልድህን ሰምታ ይሆናል የሸሸችው።"

ነከርኩና አለበስኩት። መኪናው እስኪደርስ ድረስ ጨርቁን ሁሉ ውሃ ስናጠጣ ዋልን። ኮንክሪቱ አልተሰነጠቀም። ጋቢው ግን ሲሚንቶ ጠጥቶ እንደ ቆዳ ደርቆ ኖሮ፣ ሳነሳው ተቀደደ። ከስሩ ፈትሉ አንድ ባንድ ኮንክሪቱ ላይ ታትሟል። በድንጋይ ልፈገፍገው ስል ፎርማኑ እጄን ያዙኝ።

"ተወው፣ ልጄ። ይሄን ውሃ አይነክሰውም።"

ለእናቴ ስነግራት "ልጄን ላልብስ ብፈትል ድንጋይ አልብሶ መጣ" አለች። ቀጥላም "ለመሆኑ በቃው?" አለችኝ። ዓይኗ ደክሞ ነበርና ሌላ አልፈተለችም። ሰርጌን በተውሶ ጋቢ አለፍኩ። ዛሬ እሷም የለችም፤ ቤቴ ውስጥ ከእጇ የወጣ አንድ ክር የለኝም።

ካላመናችሁ ጠይቁ። ፎርማኑ አላህ ይዘንላቸውና ቢስቲማ ተኝተዋል። አብረውኝ በቁምጣ የቀሩት ጓደኞቼ ግን ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ ሞልተዋል፣ ሂዱና ጠይቋቸው። እነሱንም ዋሾ ካላችሁ፣ ውሃው ሲጎድል ውረዱና የማስተንፈሻውን በስተግራ ጫፍ በእጃችሁ ዳብሱት።

ቀስ ብላችሁ ግን።