መስቀል የተሳለበት ጋን

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልተናገርኩም። ዛሬ እጽፈዋለሁ።

ከዩኒቨርሲቲ ለዘመቻ መካነ ሰላም የተመደብኩት በረሃቡ ዘመን፣ ንጉሡ በወረዱ ማግስት ነው። ደጋግመው የታሰሩ ሌቦች ሲፈቱ አንድ ፖሊስና አንድ የወህኒ ዘበኛ በየሳምንቱ የተፈቱትን ሰዎች ቤት አብረው ይፈትሹ ነበር። ፖሊሱ ሰፈሩን ያውቃል፣ ዘበኛው የሰውየውን ጠባይ። እኔ መዝገብ ይዤ እከተላቸዋለሁ። ያን ጊዜ በድሃ ቤት እህል መገኘቱ ብቻ ያስጠረጥር ነበር።

ሰይድ በእህል ስርቆት ሦስት ጊዜ የታሰረ የሁለት ልጆች አባት ነው። ዘበኛው በር ላይ ቆሞ፣ «መኝታህን ለሰው እንስጠው ወይስ እናቆይልህ?» አለው።

«ስጡት ጌታዬ። ቁንጫዎቹን ግን አደራ፣ እኔ ነኝ ያሳደግኋቸው።»

ሁለቱም ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ቀልዱን ራሱን ጠረጠርኩት።

ጓዳው ጥግ አንድ ጋን ቆሟል። አፉ በእበት ተመርጓል፤ ምርጉ ላይ በጣት የተሳለ መስቀል ደርቋል። በሙስሊም ቤት የክርስቲያን ምልክት! ያየሁት እኔ ነኝ። «ይህስ የማን ነው?» ያልኩትም እኔ ነኝ፤ ሰው ፊት መናገር የማፍረው እኔ።

«የጎረቤቴ የአቶ ጌታነህ የዘር እህል ነው፣ እታለም። ሥራ ፍለጋ ወደ ወረኢሉ ሲሄድ አማና ብሎ አደራ ሰጠኝ። ወላሂ አልነካሁትም።»

«ለሌባ አማና!» አለ ፖሊሱ። «አንቺ የተማርሽው፣ ምርጉን እስቲ እዪው።»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ስንጥቅ አልነበረበትም። ከጀርባዬ ልጆቹ ቆመዋል፤ ክንዳቸው እንጨት አክሏል። ልጆቹ እንዲህ ሆነው የሰው እህል ሳይነካ የሚያስቀምጥ አባት አለ? የለም አልኩ። ከፍቶ መልሶ መርጎት ነው አልኩ። ማን ነገረኝ? ማንም። እኔ ብሆን እከፍተው ስለነበር ነው።

«ምንጩ ያልታወቀ፣ የክርስቲያን ምልክት ያለበት እህል ተገኘ» ብዬ ጻፍኩ። ምርጉ እንዳልተነካ አልጻፍኩም። አማና ማለቱንም አልጻፍኩም። ዋሸሁ? ለራሴ «አልዋሸሁም» እያልኩ ስንት ጊዜ ተኛሁ።

ሰይድን ወሰዱት። ወር ሳይሞላው ወህኒ ቤት ውስጥ የተስቦ በሽታ ገደለው።

አቶ ጌታነህ ከወረኢሉ ሲመለስ ፖሊሱና እኔ ያለንበት ቢሮ መጣ። ስለ ዘሩ አልጠየቀም።

«የመረግሁት እኔ፣ መስቀሉን የሳልሁት እኔ» አለ። «ጋኑን አይቼዋለሁ፤ አልተከፈተም እኮ። ይህን ያየ ሰው አልነበረም?»

ፖሊሱ ወደ እኔ ዞረ። መዝገቡን ገልጬ የጻፍኩትን አነበብኩለት፤ ድምፄ ሳይቆራረጥ፣ ቃል በቃል። ሰውየው ጋቢውን ሰብስቦ ወጣ።

ነበር፣ አቶ ጌታነህ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ አይቶታል። የሰይድ ልጆችም ያን ሰው ሲያይ አይተውታል። እነሱ ይህን ከአፌ ሳይሰሙ ከእናንተ ከምታነቡት ይቅርታ አልለምንም።